ስምንት ሜትር አጠና

መልእክቱ የመጣ ዕለት ሰርኬ አስፋልት ዳር ቆማ አጠና ታስቆርጥ ነበር። ስልኳ ከመቀነቷ ውስጥ ጮኸ። አውጥታ አየችውና ፊደሉ ቢበዛባት ለልጇ ለርሆቦት ሰጠቻት። ርሆቦት አንብባ ስትጨርስ ፊቷ በራ። የፍርድ ቤቱ ችሎቶች እንደ አዲስ ተደራጅተዋል፣ የንግድና የንብረት ክርክር ብቻ የሚያይ ራሱን የቻለ ችሎት ተቋቁሟል፣ የእናቷም መዝገብ ወደዚያ ተዛውሯል፣ ሰኞ ጠዋት ይቅረቡ ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። ሰርኬ ግን ቆራጩን በእጇ አስቁማ፣ «ማን አባቱ ነው መዝገቤን የነካው?» አለች።

አይፈረድባትም። አራት ዓመት ሙሉ ያንገላታት ይኸው «ተዛውሯል» የሚሉት ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርኬ ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ዝቅ ብላ አጠና ትሸጣለች። ግቢውን የከፈቱት ከሟች ባሏ ከተክለማርያም ጋር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ከአስፋልቱ ጀርባ ስለሆነ መግቢያው አንድ ቀጥ ያለ መተላለፊያ ነበር፤ አይሱዙው ወደ ኋላ እየሄደ ሰተት ብሎ ይገባበታል። ከአራት ዓመት በፊት የፊተኛውን ቤት ጉልላት የሚባል ብረት ሠሪ ገዛው። በመጀመሪያው ወር ሰላምታ አመጣ፣ በሁለተኛው ወር የብረት በር፣ በሦስተኛው ወር ከበሩ ኋላ የብየዳ ዳስ። መተላለፊያው የኔ ነው፣ ከቤቱ ጋር ነው የገዛሁት አለ።

ለሰርኬ የቀራት በቦዩ ዳር ዞሮ የሚመጣው የኋላ መንገድ ነው። መንገዱ ጠባብ እንዳይባል ሁለት ሜትር ተኩል አለው፤ ጋሪ እንኳ ተጭኖ ያልፍበታል። ግን ግቢዋ ሊደርስ ሲል አበበች ከምትባል ጎረቤቷ ግንብ ጥግ ላይ እንደ ክርን እጥፍ ይላል። አጠና ደግሞ ክርን የለውም። ስለዚህ ስምንት ሜትሩን አጠና አስፋልት ዳር አስወርዳ ለሁለት ታስቆርጠዋለች። ረጅም ወራጅ ገዝታ አጭር ማገር ትሸጣለች ማለት ነው።

ፎቅ የሚሠራ ሰው ማገር ምን ያደርግለታል? ለመወጣጫ የሚፈልገው ረጅሙን ነው። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሄዱ። የቀራት አንድ ገብረወልድ የሚባል ኮንትራክተር ነው፤ እሱም ከፋሲካ በኋላ መጥቶ፣ ክረምት ሳይገባ ረጅሙን ካላቀረብሽልኝ አዝናለሁ ብሏታል። ጉልላት በበኩሉ ግቢውን ሽጭልኝ እያለ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከባት። በመጀመሪያው ጊዜ ሽማግሌዎቹን ውሃ ሳታቀምስ ሸኘቻቸው። በሁለተኛው ጊዜ ግን ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። ርሆቦትን ያስፈራት ይኼኛው ነው። እናቷ ሰው አዳምጣ አታውቅም። የዚያን ዕለት ማታ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም መፍትሔ ከሌለ ግቢውን ሰጥቼው አርፋለሁ አለቻት።

መዝገቡማ ያልዞረበት የለም። የግቢውን የግዢ ወረቀት ስላያያዘች አንዱ ችሎት ጉዳዩ የውል ነው አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የተክለማርያም ስለሆነ ሌላው የውርስ ነው አለ። ሦስተኛው ነጋዴዎች ናቸው ብሎ ወደ ንግድ ላከው። ጋሽ ፍቅረማርያም፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ፣ በየጊዜው አዲስ ማመልከቻ ይጽፉላታል፤ ጽሑፋቸው ያምራል፣ «ፍትሕ እንደ ውሃ ጠምቶኝ» የሚል የማይጠፋበት ነው። ሰርኬ ታስነብበውና ደስ ይላታል። ታክሲ በመሳፈር መዝገቤ ከኔ ይበልጣል ትል ነበር።

እና አሁን ደግሞ ተዛወረ። ርሆቦት የቱንም ያህል ብታስረዳት፣ እማዬ ይኼ ሌላ ነው፣ ይኼ የመጨረሻው ነው ብትላት፣ አልሰማ አለች። ሰኞን ልትጠብቅ? ሐሙስ ዕለት ነጠላዋን ጣል አድርጋ መዝገቧን ልትጠብቅ ሄደች።

ፍርድ ቤቱ ስትደርስ ግቢው ሠርግ ቤት መስሏል። ወጣቶች መዝገብ በጋሪ እየገፉ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያመላልሳሉ። በየበሩ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ሰዉ ስሙን እየፈለገ፣ ያገኘው እየሳቀ፣ ያጣው እየተገፋፋ ነው። አንድ ረጅም ሰውዬ የኔ መዝገብና የልጄ ልደት በአንድ ሳምንት ነው፣ ልጁ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ እያለ ላገኘው ሁሉ ይናገራል።

ሰርኬ በቀለሙ የምታውቀውን መዝገቧን፣ በላስቲክ ታስሮ ጀርባው ላይ ዘይት የፈሰሰበትን፣ በጋሪው ላይ አየችው። ዘላ ያዘችው። ልጁ ልቀቂ ቢላት፣ አንተ ልቀቅ አለችው። ጋሪው ቆመ፣ ኮሪደሩ ተዘጋ፣ ከኋላ ያለው ሰው መጮህ ጀመረ። በመጨረሻ ፅዮን የምትባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መጣች፤ ቀጭን ናት፣ ግን ድምፅዋ ኮሪደሩን ጸጥ አሰኘው።

«እናቴ፣ መዝገቡን ለምን ያዙት?»

«ተመልሶ ከሀ እንዳይጀመር ነው የያዝኩት።»

ፅዮን አልተቆጣችም። መዝገቡን ሰርኬ እንደያዘችው ወደ ጠረጴዛዋ ወሰደችውና ከፍታ አሳየቻት። ከእንግዲህ የንግዱም የንብረቱም ክርክር አንድ ቦታ ነው፤ ይኼ የኔ አይደለም ብሎ የሚመልሰው የለም። ዳኞቹ የሚያዩት ይህንኑ ብቻ ነው። መዝገቡ የተሰጣት ዳኛ ከፍታ እስክትዘጋው ከእጇ አይወጣም። እስከ ዛሬ የተሰማውም እንዳለ ይቀጥላል። ሰርኬ ይኼንን ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። በአራተኛው ፅዮን ሳቀች። ሰርኬም መዝገቡን ለቀቀችና፣ ዳኛዋ ጋ ሲገባ ካላየሁ አልሄድም አለች፤ አልሄደችምም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዝገቡ በዓይኗ እያየችው ገባ። ያን ዕለት ከአውቶቡስ ተራ እስከ ኮልፌ ታክሲ ውስጥ ብቻዋን ስትስቅ የመጣች ሴትዮ የታየች እንደሆን እሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት ሰርኬና ርሆቦት በአንድ ወገን፣ ጉልላትና ጠበቃው በሌላ ወገን ቆሙ። ዳኛዋ በአርባዎቹ መጀመሪያ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ጠበቃው እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከሳሽ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው አማራጭ መንገድ እንዳላቸው በባለሙያ ተለክቶ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል ብሎ ጀመረ። ሰርኬን አራት ዓመት በየችሎቱ የገደላት ይኼ ወረቀት ነው። ስፋቱ እውነት ነው፤ ውሸት ነው ብላ እንዳትከራከር ሜትሩ አለ።

ዳኛዋ ጠበቃውን በእጇ አስቁማ ወደ ሰርኬ ዞረች።

«ወይዘሮ ሰርኬ፣ መዝገቡን ቅዳሜና እሑድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። አንድ ነገር ግን አጣሁበት። የሚሸጡት አጠና ርዝመቱ ስንት ነው?»

ሰርኬ ግራ ገባት። የሚቀልዱባት መሰላት።

«ስምንት ሜትር ነዋ። የመወጣጫ አጠና ስንት ሊሆን ነው?»

«ይኼ የትኛው ማመልከቻዎ ላይ ተጽፏል?»

«ኧረ ይኼ ይጻፋል እንዴ? አጠና ረጅም መሆኑን የማያውቅ ሰው አለ?»

ርሆቦት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አራት ዓመት! ያ ሁሉ ገጽ፣ ያ ሁሉ ፍትሕ እንደ ውሃ ጠማኝ፣ መንገድ ተዘጋብኝ፣ ግፍ ተዋለብኝ ተጽፎ፣ አጠናው ጥግ ላይ አይዞርም የሚል አንድ መስመር የለበትም። ሰርኬ ለጋሽ ፍቅረማርያም አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም ኮልፌ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸውና አልጠየቋትም። አጠና ተራ ውስጥ እኮ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ውሃ እርጥብ ነው ብሎ ለዳኛ የሚያመለክት ማን አለ?

ጠበቃው የዕቃው ርዝመት ከክርክሩ ጋር አይገናኝም ብሎ ተቃወመ። ዳኛዋ የንግድ ቦታ መንገድ የሚለካው በሚያልፍበት ዕቃ ነው አለችው። ከዚያ ቀን ቆጥራ፣ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ችሎቱ ቦታው ድረስ ሄዶ ያያል ብላ አዘዘች። ለሰርኬም አንድ ያልተቆረጠ አጠና እንድታዘጋጅ ነገረቻት።

«አንድ ብቻ?» አለች ሰርኬ። «አንድ አይሱዙ ሙሉ ላምጣ?»

አንድ ይበቃል ተባለች።

ረቡዕ ጠዋት ኮልፌ ሥራ ፈታ። መህዲ፣ ለሰርኬ ለዓመታት አጠና ሲያመላልስላት የኖረው ሾፌር፣ አይሱዙውን ቦዩ ዳር አቁሞ ጣሪያው ላይ ወጥቷል። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ማዞሪያውን ጥለው መጡ። ዳኛዋ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ጸሐፊዋን አስከትላ፣ ቦዩን ዘላ ተሻገረች። ይኼንን ያዩ ሴቶች ወደዷት። ጉልላት እጅና እጁን አጣምሮ፣ ጓንቱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ከጠበቃው ጎን ቆሟል።

ዳኛዋ ይግባ አለች። አራት ተሸካሚዎች አጠናውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በኋላው መንገድ ገቡ። እንዴት አድርጎ ሄደላቸው! ስፋቱ ሰፊ ነው፣ ጠበቃው ፈገግ አለ። ሰርኬ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ወደ ጥጉ ተጠጋች። ምናልባት የሚዞር ቢሆንስ? አራት ዓመት ሙሉ ሞክራው አታውቅም እኮ፤ ገና ሲያዩት አይዞርም ተብሎ የተተወ ነው። የአጠናው ጫፍ የአበበች ግንብ ጋ ደረሰ፣ ተሸካሚዎቹ ጠመዘዙት፣ ጫፉ ግንቡን ገጨና ቆመ። ወደ ኋላ ሳቡት፣ ጭራው የቦዩን ድንጋይ ነካ። እንደገና ወደ ፊት፣ እንደገና ግንቡን።

ከፍ አድርጉት ተባለ። ከፍ ሲያደርጉት ጫፉ የአበበች ጣሪያ ላይ ወጣ፤ አበበች በመስኮቷ ብቅ ብላ ቆርቆሮዬን የነካ ዛሬ ያየኛል አለች። አቁሙት ተባለ። ሊያቆሙት ሲሉ መህዲ ከላይ ሆኖ፣ የመብራት ሽቦ አለ፣ ልትጠበሱ ነው ብሎ ጮኸ። አጠናው ተመልሶ ወረደ።

ይኼኔ ጉልላት መቆም አቃተው። ሰው ነገረኛ ቢሆን እንኳ ባለሙያ ከሆነ ሥራ ሲበላሽ ቆሞ ማየት አይችልም። ከጠበቃው ጎን ሾልኮ ወጣ።

«እንዲህ አይያዝም! ጭራውን ዝቅ፣ ጭራውን! እናንተ ሰዎች ዕቃ አዙራችሁ አታውቁም?»

ጓንቱን አጠለቀና የአጠናውን ራስ ራሱ ያዘ። መጀመሪያ አግድም አደረገው። ቀጥሎ በሰያፍ። ቀጥሎ አንዱን ተሸካሚ ቦዩ ውስጥ አወረደና ጭራውን ከመሬት አጋድሞ የፊቱን ጫፍ በግንቡና በጣሪያው መሀል ሊያሾልክ ሞከረ። ጠበቃው እጅጌውን ጎተተው፤ ጉልላት አልሰማውም። ላቡ በጆሮው ግንድ ይወርዳል። ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ ግፋ ይለዋል፣ ግማሹ ይስቃል። ሰርኬም ራሷን ረስታ፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ስትለው ተሰማች። ርሆቦት እማዬ የማን ወገን ነሽ ብላ ቆነጠጠቻት።

በመጨረሻ ጉልላት አጠናውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ጥጉን አየ። አጠናውን አየ። ጓንቱን እያወለቀ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ እንደ ባለሙያ፣

«አይዞርም» አለ።

ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ። ዳኛዋ ጸሐፊዋን ጻፊ አለቻትና ወደ ጉልላት ተጠጋች።

«አቶ ጉልላት፣ የእርስዎ ብረትስ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«በፊት ለፊት ነው።»

«ርዝመቱ?»

ጉልላት መልሱን ሲናገር ድምፁ ወረደ። «ፌሮ... አሥራ ሁለት ሜትር ነው።»

ጉልላትን ሌላ አልጠየቀችውም። ዳኛዋ በጉልላት በር በኩል ዞራ ዳሱን አየች፣ ከአስፋልት እስከ ሰርኬ ግቢ በእግሯ ቀጥ ብላ ሄደች፣ የቆዩ ጎረቤቶችን መንገዱ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ ጠይቃ ቃላቸውን አስጻፈች። ከዚያ ውሳኔው ዓርብ ጠዋት ይነበባል ብላ ሄደች።

ሐሙስን ሰርኬ ቁጭ ብላ መዋል አልቻለችም። መህዲን ጠርታ ሆለታ ሂድና ረጅሙን ጭነህ ና አለችው። መህዲ፣ እትዬ፣ ውሳኔው ይሰማና አይሻልም፣ ካልተፈረደልዎትስ ብሎ ለመናት። አንተ ጫን አለችው። ርሆቦትም ለመነቻት። ክረምቱ እኔን አይጠብቅም አለቻት። ያን ያህል አጠና አስፋልት ዳር ቢቀር ልታስቆርጠው ነው፤ ከተቆረጠ ደግሞ ገብረወልድ ሄደ ማለት ነው፤ ገብረወልድ ከሄደ ግቢው ሄደ። ታውቀዋለች። እያወቀች ነው ያስጫነችው።

ዓርብ ጠዋት እነሱ ችሎት ሲገቡ መህዲ ጭኖ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ደርሷል። ዳኛዋ ውሳኔውን ስታነብ ሰርኬ ግማሹ አልገባትም፤ የርሆቦትን እጅ ይዛ ፊቷን ብቻ ታያለች። የኋላው መንገድ ለንግዱ ዕቃ መንገድ ሊባል አይችልም ሲባል ርሆቦት እጇን ጨመቀቻት። ቀጥተኛው መተላለፊያ ለከሳሽ ግቢ የመግቢያ መብት ያለበት ነው ሲባል ጨመቀቻት። ተከሳሽ ዳሱን በአሥር ቀን ውስጥ ያንሳ፣ በሩ ይቆይ ግን የቁልፉ ቅጂ ለከሳሽ ይሰጥ ሲባል ሁለቱም ተነሥተው ቆሙ። ሰርኬ እንባዋ መጣ፤ ግን አፏ ቀደማት።

«የተከበሩ ዳኛ፣ አሥር ቀን ለምን? መኪናው ተጭኖ ቆሟል እኮ።»

ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ከንፈሯን ነክሳ፣ አሥሩ ቀን የተሰጠው ለአቶ ጉልላት ነው፣ ዛሬ ላንሳ ካሉ ከልካይ የለባቸውም አለች። የሁሉም ዓይን ጉልላት ላይ ሆነ። ጠበቃው ጆሮው ላይ ተደፍቶ ስለ ይግባኝ ያንሾካሹክለታል።

«ተወው ወንድሜ» አለው ጉልላት፣ ሰዉ እየሰማ። «በእጄ ሞክሬዋለሁ እኮ። ላይኛው ፍርድ ቤት ቢሄድ አጠናው ይዞራል?»

ከዚያ ሰርኬን በጎን አያት።

«ከየት ነው ያስጫኑት?»

«ከሆለታ።»

«ቀጥ ያለ ነው?»

«እንደ ክር።»

ጉልላት በረጅሙ ተነፈሰ። ዳሱ በአራት ብሎን ነው የታሰረው፣ ከምሳ በፊት ይፈታል አለ።

ከምሳ በፊት አልተፈታም፤ አንዱ ብሎን ዝጎ ስለነበር እስከ ስምንት ሰዓት አስቸገረ። ሰርኬ ባጠገቡ ቆማ፣ ስትሠራው ለዘላለም ነበር እንዴ ያሰብከው ትለዋለች። ጉልላትም፣ እትዬ ሰርኬ፣ ነገር ትተው ያቺን መፍቻ ያቀብሉኝ ይላታል። አቀበለችው። ዳሱ ሲወርድ መተላለፊያው ከአስፋልት እስከ ግቢዋ ወለል ብሎ ታየ፤ ርሆቦት ስታየው ጮኸች።

መህዲ አይሱዙውን አዙሮ ወደ ኋላ መግባት ጀመረ። ከጭነቱ ኋላ የተረፈው የአጠናው ጫፍ እየተወዛወዘ በበሩ ገባ። ሰርኬ ከኋላ ሆና በሁለት እጇ ና፣ ና፣ ና ትላለች። በሩ አካባቢ ጉልላት ብቅ ብሎ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራህ ያዝ ብሎ ሾፌሩን ማዘዝ ጀመረ።

ሰርኬ ዞር ብላ አየችው።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?»

«በሬን እንዳትገጩብኝ ነዋ!»

«በርህ ክፍት ነው፣ ምኑን እንገጨዋለን?» አለችውና ወደ መኪናው ተመለሰች። «ና መህዲ! ና፣ አትፍራ፣ ቀጥ ብለህ ና!»